የፖስተኛው ልጅ ኦሬሊየን ማልቮ የአባቱን ጠረጴዛ ቤተ መንግሥት ያስገባበት ዜና

ፀሐየ ምርጫ፣ መብረቀ ቴሌቪዥን፣ አንበሳ ዘሀገረ ሊሙዛን፣ ካሜራ ባየ ጊዜ ፊቱ የሚበራው ኦሬሊየን ማልቮ በፈረንሳይ ምድር በነገሠ፣ ተመረጠ ማለታችን ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት፣ ይኸውም ሕዝቡ የንጉሡን አንገት ቆርጦ ጠረጴዛውን ግን አቧራ እያራገፈ ማስቀመጥ ከጀመረ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ ይህ ጀብዱ ተፈጸመ። እኛም በፓሪስ ጥርሳችንን የነቀልን ጸሐፌ ትእዛዝ ያየነውን ጻፍን፤ ያላየነውንም የብር ሐብል ካጠለቁት እልፍኝ አስከልካዮች ሰማን፤ እነርሱ እንደሆኑ ወሬ አያድርባቸውም።

ወእምቅድመ ዝንቱ፣ ገና ድምፅ ሲለምን ሳለ፣ ጋዜጠኞቹን አስከትሎ ወደ ወላጆቹ ማድ ቤት ወረደ፤ ከጥድ የተሠራውንም የምግብ ጠረጴዛ በጡጫ መትቶ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦ «እኔ የፖስተኛ ልጅ ነኝ! ንጉሥ በተቀመጠበት ጠረጴዛ አልቀመጥም! አባቴ ሾርባውን በሚጠጣበት በዚህ ጠረጴዛ ላይ የፈረንሳይ ሕግ ይፈረማል! የሥልጣን ዘመኔን ስጨርስ ደግሞ በገዛ ትከሻዬ ተሸክሜ እመልሰዋለሁ!» አባቱ ፌርናን፣ ዕድሜውን ሙሉ በብስክሌት ደብዳቤ ያደለው ሽማግሌ፣ በኩራት አለቀሰ። እናቱ ኦዴትም «እሺ፣ ውሰደው፤ እኛስ እስከዚያ በምን ላይ ልንበላ ነው?» ብላ አወጀች፤ ነገር ግን ጭብጨባው ከባድ ስለነበረ የሰማት የለም።

ወእምዝ ጠረጴዛው በታላቅ ሰልፍ ወደ ቤተ መንግሥት ተጓዘ፤ ከፊቱ ሞተረኞች፣ ከኋላውም ሞተረኞች፣ በቀኙ አማካሪው፣ በግራው የአማካሪው አማካሪ፣ ከእነርሱም ቀጥሎ ንግግር ጸሐፊዎች፣ ፎቶ አንሺዎች፣ የጀግናው ፀጉር አስተካካይ፣ በመጨረሻም ለምን እንደመጣ ማንም የማያውቀው የግብርና ሚኒስትር። ይህን ሁሉ ሠራዊት በሩ ላይ ያቆመችው አንዲት ሴት ናት፤ የመንግሥት ዕቃ ቤት በጅሮንድ ማዳም ሶላንጅ ዴርቪል። የጠረጴዛውን እግር አይታ፣ ብናኙን በጣቷ ነክታ አወጀች፦ «ነቀዝ አለበት። ይሄ ገብቶ የነገሥታቱን ዕቃ ቢበላብኝ ማን ሊጠየቅ ነው? ሙሴ ፕሬዚዳንት፣ አይቀየሙኝ፤ መጀመሪያ ይታከም።» ጠረጴዛውም በላስቲክ ተጠቅልሎ ወደ ነቀዝ ሐኪሞች ተላከ።

እስኪድን ድረስ ጀግናው በቆመበት አይውል ነገር፣ «ለጥቂት ቀን ብቻ» ብሎ በወርቅ ከተለበጠው በንጉሡ ጠረጴዛ ተቀመጠ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንቶችም ሁሉ ለጥቂት ቀን ነበር የተቀመጡት፤ አንዱ ዘመናዊ ነኝ ብሎ ወደ ምድር ቤት ሰደደው፣ ተከታዩ አስመለሰው፤ አንዱ መጋረጃ ቀየረ፣ ሌላው ምንጣፍ፤ ወርቁን ግን የፋቀ የለም። ኦሬሊየንም መጀመሪያ በዳር በዳር ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ክርኑን አሳረፈ፤ በኋላም የወርቁን ጠርዝ እንደ ድመት ጀርባ ይደባብስ ጀመር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን የአገራችንን ተረት ማን እንደነገረው እንጃ።

ጠረጴዛው ድኖ በተመለሰ ጊዜ የአማካሪው አማካሪ «ኧረ ይሄ በካሜራ አያምርም! የሽንኩርት መክተፊያ እኮ ነው የሚመስለው!» ብሎ አወጀ። ጀግናውም ታላቅ ምክር መከረ፤ የአባቱ ጠረጴዛ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ይቁም፣ ዙሪያውን በቀይ ገመድ ይታጠር፣ «የሕዝብ ገበታ» የሚል ጽሑፍም ይለጠፍበት አለ። በጅሮንዷ ያቀረበችለትን የርክክብ ወረቀትም ሳያነብ በንጉሡ ጠረጴዛ ላይ ፈረመ።

ከዚህ በኋላ የኦዴት አዋጅ በስልክ መጣ፦ «አንተ ኦሬሊየን! ካልሠራህበት መልሰው እንጂ! አባትህ የልብስ መተኮሻው ጣውላ ላይ ነው የሚበላው። ትናንት ጣውላው ተንጋዶ ሾርባው ጭኑን ጠበሰው፤ ለልጁ እንዳትነግሪው ብሎኛል።» ጀግናው በጅሮንዷን አስጠራ። እርሷም «የሪፐብሊኳ ንብረት ሆኗል፤ አይሸጥም፣ አይሰጥም። እርስዎ ራስዎ ፈርመውበት የለ? ካስፈለገ ምክር ቤቱ ሕግ ያውጣለት» አለች። ሕግ ይውጣ ቢል ግን ጋዜጣው ሁሉ ይሥቅበታል። ከአባቱ ጭንና ከጋዜጣ ሣቅ የቱ እንደሚብስ አሰበ፤ አሰበና ለወላጆቹ የጠረጴዛውን ፎቶግራፍ ፈርሞበት ላከላቸው። ይህን ስንጽፍ ብዕራችን አፈረ፤ እርሱ ግን አላፈረም።

በወርኃ መስከረም፣ ቤተ መንግሥቱ ለሕዝብ በሚከፈትበት ቀን፣ ፌርናንና ኦዴት የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ዳቦና ቋሊማ ይዘው፣ ለልጃቸው ሳይናገሩ ከጠዋት ጀምሮ ተሰለፉ። ወደ ገመዱ በደረሱም ጊዜ ሽማግሌው እጁን ሰዶ፣ በወጣትነቱ የጋለ ድስት አሳርፎበት የቀረውን ጥቁር ምልክት ዳሰሰ። ያን ጊዜ ዘበኛው አወጀ፦ «ሙሴ፣ እጅዎን! የሕዝብ ንብረት ነው፣ አይነካም!»

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?» አለ ፌርናን።

«ና በቃ፣ ከኋላችን ሰው ቆሟል» አለች ኦዴት፣ እጅጌውን ይዛ።

ጀግናው በዚያው ክፍል የጎብኚዎችን እጅ እየጨበጠ ነበርና አያቸው። ካሜራውም አጠገቡ ነበር። ወደ ካሜራው ዞረ።

ኦ ኦሬሊየን፣ ፀሐየ ምርጫ፣ ከቀደሙት ነገሥታት ማን ይተካከልሃል? እነርሱ በጦር ያልቻሉትን አንተ በፊርማ ቻልክ። እነርሱ የዘረፉት የሰውን አባት ነበር፤ የገዛ አባቱን ገበታ ወስዶ በዘበኛ ያስጠበቀ ግን ከአንተ በፊት አልተነሣም።