ራሷን መከላከል የምታውቅ ልጅ አባት

ሰው ራሱን መከላከል ይልመድ ይላሉ። እኔስ ያለ አሰልጣኝ ለምጄው የለ? ጭቅጭቅ ባለበት አልቆምም፤ ሰካራም ሳይ መንገድ እቀይራለሁ፤ ውሻ ከጮኸብኝም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰው ፈሪ ሲለኝ ኖሮ፣ ልጄ ብርቄ ሥልጠና ገብታ ስትነግረኝ ለካ ዋናው ትምህርት ይኸው ኖሯል።

ብርቄ እዚሁ ላሊበላ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ስትወጣ ይመሻል፤ ወደ ሰፈራችን የሚወርደው ድንጋያማ መንገድ ደግሞ ባጃጅ አያስገባም። ስለዚህ ባትሪዬን ይዤ እቀበላት ነበር። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ስለምታውቅ ነው ሥልጠናውን የጀመረችው። አንድ ቀን አስቀምጣ አስረዳችኝ፤ መጀመሪያ ዙሪያን ማየት፣ ቀጥሎ መራቅ፣ በስድብ አለመሳብ፤ ከተያዙ እጅን በያዡ አውራ ጣት በኩል ጠምዝዞ ማስለቀቅና መሮጥ። «ከእንግዲህ አባዬ ቤት ይቀመጡ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

እሺ ማለትና መቀመጥ አንድ ነው እንዴ? በማግስቱ ባትሪዬን አጥፍቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ከሆቴሉ ጀምሮ በሩቁ ተከተልኳት። ተከናንቦ በጨለማ ሴት የሚከተል ሰው ምን እንደሚባል ያኔ አላሰብኩም።

ቁልቁለቱ ላይ አጣኋት። ለካ ከቋጥኙ ጥግ ቆማ ትጠብቀኛለች። ክንዴ ወደ ጀርባዬ ዞረ፤ ጉልበቴ ሳላዘው ወረደ። አባትሽ ነኝ ማለት ሲገባኝ ስሜም ጠፋኝና «በቅዱስ ላሊበላ ይዤሻለሁ» አልኩ።

እኛ አገር በዚህ ስም የተያዘ ሰው የሰነዘረውን እጅ ያወርዳል። ብርቄም ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ ለቀቀችኝ። በስልኳ መብራት ስታየኝ ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን የጋቢዬን አቧራ እያራገፈች፣ «ብሰብርዎትስ አባዬ?» አለች። ግሩም አድርገሽ ይዘሻል አልኳት።

ደግፋኝ ስንወርድ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የእውነት ሌባም በላሊበላ ቢልሽስ አልኳት። መልቀቄ አይቀርም አለች። በኋላ አሰልጣኙን ብትጠይቀው፣ የላስታ ልጅ ነውና እሱም አንገቱን ደፍቶ «እኔም እለቃለሁ» አላት።

እንግዲህ ሥልጠናው ቀዳዳ እንዳለው ተረጋገጠ፤ ቀዳዳውን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። አሁን ባትሪዬን አብርቼ ሆቴሉ በር ላይ እጠብቃታለሁ። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ እንዳልወድቅ እጄን አጥብቃ ትይዘኛለች። አያያዙን አውቀዋለሁ፤ በአውራ ጣቷ በኩል ብጠመዝዘው ይለቃል። አልጠመዝዘውም።