ውቅያኖስ መሃል ቁጭ ማለት

ፌብሩዋሪ 22 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የሰው ልጅ በደረሰበት የሥልጣኔ ጣራ ላይ አሥራ ስድስት ዩክሬናውያን ቁጭ አሉ። ጣራው በፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል የተንሳፈፈ የብረት መድረክ ነው፤ በላዩ ለከፈለ ሁሉ ሳተላይቱን ወደ ሰማይ የሚያደርስ ሮኬት ቆሟል። ኩባንያው ይህን ሩቅ ቦታ የመረጠው በታላቅ ብልሃት ነው። እዚያ ምድር ወገብ ላይ የምድር እሽክርክሪት ሮኬቱን በነፃ ይገፋለታል፤ ምናልባት ቢወድቅም ዓሣ ፍርድ ቤት አይሄድም።

በኩባንያው ደንብ፣ ነዳጅ መሙላት ሳይጀመር የመጨረሻዎቹ ሠራተኞች በሄሊኮፕተር፣ ማስወንጨፉን ከሩቅ ወደምትመራው አዛዥ መርከብ ይሻገራሉ። በዩክሬናውያኑ ደንብ ደግሞ፣ መንገድ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ቁጭ ብሎ አንዲት ደቂቃ ዝም ይላል። ዝምታው ከተቋረጠ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ሳይቀመጡ የተጀመረ መንገድ አይቀናም፤ የሮኬት መንገድ ደግሞ ከመንገድ ሁሉ ይረዝማል። ስለዚህ የገጣጣሚዎቹ አለቃ ዚኖቪ ፔትሮቪች፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቀለም ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠበት። ሌሎቹም በገመድ ጥቅልልና በመሣሪያ ሣጥን ላይ ዐረፉ።

ዚኖቪ ያን ጠዋት ሐሳቡ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሹ ሮኬቱ ጋ ነው። ግማሹ አገር ቤት፣ ድኒፕሮ ከተማ ነው፤ ልጁ ዝላታ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ታገባለች። መርከቧ ካሊፎርኒያ ወደብ እስክትደርስ ሠርጉ ያልፋል። ሄሊኮፕተሩ አውሮፕላን ማረፊያ ካላት ቅርብ ደሴት እንዲያደርሰው ደጋግሞ ለምኖ፣ «ጥያቄዎ በጥልቅ አክብሮት ውድቅ ሆኗል» የሚል ያማረ መልስ አግኝቷል። ክብር ጎደለብኝ ብሎ ቅር የሚሰኝበት ምክንያት አልነበረም።

በመርከቧ ላይ የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሚስተር ዋድሎ መድረኩን በካሜራ ይከታተላሉ። እኒህ አርቆ አሳቢ ሰው አያታቸው በዲትሮይት የመኪና ፋብሪካ አለቃ ስለነበሩ፣ ሠራተኛ ሥራ ቦታው ላይ ቁጭ ካለ አድማ መታ ማለት እንደሆነ ከልጅነታቸው ሲሰሙ አድገዋል።

«ምን እያደረጉ ነው?» አሉ።

«ተቀምጠዋል» አለች አስተርጓሚዋ ሜላኒያ።

«መቀመጣቸውንማ አያለሁ! ለምን?»

«ጌታዬ፣ እኛ አገር ሰው መንገድ ሲነሳ…»

«አንቺ ተርጉሚ እንጂ አትተንትኚ!» ማይኩን አነሱ። «ወንድሞቼ! ኩባንያው ቅሬታችሁን በሰፊ ልብ ያዳምጣል!»

የሜላኒያ ትርጉም በመድረኩ ድምፅ ማጉያ አስተጋባ።

«አበላሸው!» አለ በያጁ ፓናስ። «ሰባት ሴኮንድ ነበር የቀረን!»

ዚኖቪ ሰዓቱን አየ፤ ጣቱን በአየር ላይ አዞረ። ከመጀመሪያው ጀመሩ።

መርከቧ ላይ ሚስተር ዋድሎ ግንባራቸውን ጠረጉ። «መልስ አይሰጡም። የተደራጁ ናቸው። አሥር በመቶ የደመወዝ ጭማሪ በያቸው!»

«አሥር በመቶ!» አለ ድምፅ ማጉያው።

«ይኼ ሰውዬ ዛሬ አያስቀምጠንም እንዴ?» አለ ፓናስ።

«ዝም በል አንተ!» አለው ዚኖቪ።

«አንተም ተናገርክ።»

«እሺ፣ እንደገና!»

በዚህ ዓይነት፣ በሠራተኛ ትግል ታሪክ ታይተው የማይታወቁ፣ ያለ አንዳች ጥያቄ የተገኙ ድሎች ተከታተሉ። ምሳ ላይ ቦርሽ የሚሉት የአገራቸው የቀይ ሥር ሾርባ ተፈቀደ። ወደብ ላይ እንደ አደገኛ ዕቃ የተወረሰው የአሳማ ጮማቸው በይቅርታ እንዲመለስ ተወሰነ። ድሉ በታወጀ ቁጥር ዝምታው ይፈርሳል፤ ዝምታው በፈረሰ ቁጥር ደቂቃዋ ከዜሮ ትጀምራለች፤ ደቂቃዋ በጀመረች ቁጥር ሚስተር ዋድሎ ሌላ ድል ይጨምራሉ።

በመጨረሻ «የፈለጉትን ይናገሩ!» ሲሉ ጮኹ። ሜላኒያ ተረጎመችው፤ ቀጠል አድርጋም፣ «ዚኖቪ ፔትሮቪች፣ ሰውዬው አድማ የመታችሁ መስሎታል። የዝላታን ነገር አሁኑኑ ይንገሩት፤ ነገ እንዲህ ሆኖ አያገኙትም» አለች።

«እኔ ይህን ሁሉ ተናገርኩ?» አሉ ሚስተር ዋድሎ።

«ቋንቋችን ሰፊ ነው ጌታዬ።»

ዚኖቪ ከባልዲው ተነሳ፤ ሬዲዮውን ያዘ።

«ሄሊኮፕተር» አለ። «እስከ ደሴቷ። ለልጄ ሠርግ ልድረስ።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ።»

«ተፈቅዷል! ሁሉም ተፈቅዷል! አሁን ተነሱልኝ!»

ፓናስ ድምፅ ማጉያውን ነቀለው። አሥራ ስድስቱም ቁጭ አሉ፤ ዝም አሉ፤ አንዲቷን ደቂቃ ጨረሷት።

ከሰዓት በኋላ ሮኬቱ ውቅያኖሱን አፍልቶ ተነሳና ሄደ። ሳተላይቱ ቦታውን ያዘ። ዚኖቪ የመርከቧን አጥር ጨብጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ማታ የሮኬት ቅርፅ ያለው ኬክ ተቆረሰ። ሚስተር ዋድሎ ባደረጉት ንግግር የዕለቱ ድል ሁለት መሆኑን አብራሩ፤ አንደኛው የሮኬቱ፣ ዋነኛው ግን የእሳቸው የድርድር ጥበብ ነው። በኩባንያው ታሪክ ዐመፅ በቦርሽ ሲበርድ የመጀመሪያው እንደሆነም አስታወቁ። ዚኖቪ ብርጭቆውን ይዞ ተነሳ። ደስ ያለው ሰው ነበር፤ ደስ ያለው ሰው ደግሞ መዋሸት ይከብደዋል።

«ሚስተር ዋድሎ፣ ጥሩ ልብ አለዎት፤ አላታልልዎትም። አድማ አልነበረም። መንገዱ እንዲቀና ብለን ነው የተቀመጥነው።»

ሜላኒያ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

«ተርጉሚለት እንጂ» አላት።

ተረጎመች። በዚህኛው ላይ ግን ምንም አልጨመረችም።

በማግስቱ ኮሚቴ ተቀመጠ። ውሳኔው እንዲህ ይላል፦ «አድማ ባለመኖሩ ድርድር አልነበረም፤ ድርድር ባለመኖሩ ስምምነት የለም። ይሁን እንጂ ሮኬቱ በተሳካ ሁኔታ የተወነጨፈው ሠራተኞቹ ከተቀመጡ በኋላ መሆኑ በካሜራ ስለተረጋገጠ፣ መቀመጥ ከዛሬ ጀምሮ የማስወንጨፍ ሂደቱ የማይነጠል አካል ሆኗል።» አሥራ ስድስት የደኅንነት ቀበቶ ያላቸው ወንበሮች መድረኩ ላይ እንዲበየዱ ታዘዘ። ባልዲ በጥብቅ ተከለከለ። ዚኖቪ ፔትሮቪችም «የመቀመጥና የዝምታ ዋና ኃላፊ» ሆነው ተሾሙ፤ በመመለሻው ጉዞ ላይ ለመርከቧ አሜሪካውያንና ኖርዌያውያን ሠራተኞች ሥልጠና እንዲሰጡ፣ ሥልጠናው እስኪያልቅም ከመርከቧ እንዳይለዩ ተወሰነ።

«ልጄስ?» አለ ዚኖቪ።

ሚስተር ዋድሎ ሞቅ አድርገው ጨበጡት። «እንኳን ደስ አለዎት! ለሹመቱም፣ ለሠርጉም።» ከዚያ ወደ ደሴቷ ወደሚበረው ሄሊኮፕተር ሄዱ። ከጎናቸው ባለው ወንበር የጎልፍ ዘንጎቻቸውን ከረጢት አስቀምጠው ቀበቶውን ራሳቸው አሰሩለት።

በሠርጉ ቅዳሜ፣ በመርከቧ የምግብ አዳራሽ ውስጥ አርባ ሰው ቁጭ ብሎ ዝም ማለትን ይማር ነበር። አንድ ኖርዌያዊ እጁን አወጣ።

«ኃላፊ፣ ዓይን መጨፈን ይፈቀዳል?»

«ይፈቀዳል» አለ ዚኖቪ፤ የራሱን ጨፈነ።

ዝላታን ለሙሽራው ያስረከባት አጎቷ ነው።