ሃያ ሦስት ሰው ለአንድ ቱቦ

ባለሥልጣን ፊት ብቻውን የሚቀርብ ሐበሻ የለም። አይታችሁ ታውቃላችሁ? መታወቂያ ለማሳደስ እንኳ ጎረቤት፣ የጎረቤት አማችና «ቋንቋ የሚችል» አንድ ሰው አስከትለን ነው የምንሄደው። ብቻችንን ካየን ዘመድ የለሽ እንመስለዋለንና! እኔስ ከማን አንሼ...

ነገሩ እንዲህ ነው። ካናዳ ውስጥ፣ ሜዳው ማለቂያ በሌለው አገር፣ አንዲት የገጠር ወረዳ አለች። እዚያ ያለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቤተሰባችንን ስፖንሰር ሆና ልትቀበል ተነሣች፤ እኔን፣ ባለቤቴን፣ ልጄን ሶስናንና ሁለቱን ታናናሾቿን። አምስት ነን። ይህችን አምስት ያዙልኝ። ናይሮቢ ተቀምጠን ይህን ቀን ስንጠብቅ ዓመታት አልፈዋል፤ ደብዳቤው ሲመጣ ተንበርክኬ «ተመስገን» አልኩ።

የቀረው አንድ ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያኗ እንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቅዳሜ በቪዲዮ ያየናል፤ ልቡ ከፈቀደ ሰኞ ይፈርማል፤ ካልፈቀደ ዕድሉ ለሌላ ቤተሰብ ይሄዳል። ሰብሳቢው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የወረዳው አስተዳዳሪ!

እናንተዬ፣ አስተዳዳሪ!

«ማሚ፣ ሪላክስ! ገበሬ ነው እኮ» አለችኝ ሶስና። ናይሮቢ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ማታቱ እንደሚሉት እንደ ናይሮቢ ሚኒባስ መሀል መንገድ ላይ ያወርዳችኋል። የወረዳውን ድረ ገጽ ከፍታ አሳየችኝ። ምድሩ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ፣ መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ። ስንዴ፤ ከስንዴው ወዲያ ጎመን ዘር፤ ከጎመን ዘሩ ወዲያ... ስንዴ። እዚያ ከጎረቤት ጨው ልትበደሩ ብትወጡ ስንቅ መያዝ አለባችሁ። የነዋሪውን ቁጥር ስታነብልኝማ፣ እዚህ ናይሮቢ ፓርክላንድስ ሰፈር ያለው ሕንፃችን ራሱን የቻለ ወረዳ መሆን እንደሚገባው ገባኝ።

አስተዳደሩ አንድ አስተዳዳሪና ስድስት የምክር ቤት አባላት ነው። በወር አንዴ ይሰበሰቡና ቃለ ጉባኤያቸውን ማንም እንዲያነበው ድረ ገጹ ላይ ያወጡታል። ለሶስና ይህ ተራ ወረቀት ነው። ለእኔ ግን የጸሎት ርዕስ ነው! እኛ በደፈናው «አገሩን ባርክ» ብለን አንተኛም፤ በስም ጠርተን ነው የምንጸልየው። አሳተምኩና ለሴቶች የጸሎት ኅብረታችን ወሰድኩት። መሪያችን እህት አልማዝ መነጽሯን አድርጋ፣ ሶስና እየተረጎመችላት፣ መዝገቧ ላይ አሰፈረች። በሰሜኑ መንገድ ስር የተሰበረ የውኃ ቱቦ። ለመንገድ የሚሆን ጠጠር። ማሳ የሚቆፍር ፍልፈል።

ሦስት ሳምንት፣ ረቡዕ ረቡዕ፣ እኔ ቤት ጾመን ጸለይን። «ጌታ ሆይ፣ ቱቦውን አስብ!» የሚለው ጩኸት እንዴት እንደበረታ ልንገራችሁ? ከላይ የሚኖረው ሐበሻ ጎረቤታችን ቧንቧ የፈነዳ መስሎት ባልዲ ይዞ ወረደ!

ቅዳሜ ደረሰ። እኛ ዘንድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ እነሱ ዘንድ ገና ጠዋት። እኔ የጠራሁት ፓስተራችንንና እህት አልማዝን ብቻ ነው። እውነቴን ነው! እህት አልማዝ ኅብረቱን ጠራች፤ ኅብረቱ ባሎቹን ጠራ። ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሩንዳ በመኪና፣ ከከተማው ዳር ከኢምባካሲ ሁለት ማታቱ ቀይረው፣ የሠርግ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ።

«አኪ ማሚ፣ የምር፣ ሰዉ ቱ መች ነው፣ በዛ!»

«ዝም በይ። ሰው ያለን ሰዎች መሆናችንን ይይ።»

ስክሪኑ በራ። ሁላችንም ብድግ!

እኔ የጠበቅሁት ባንዲራ፣ ሰፊ ጠረጴዛና ከረባት ነበር። የመጣው ኮፍያ ያደረገ፣ ጉንጩ ቲማቲም የመሰለ ሽማግሌ፣ ትራክተር ላይ ተቀምጦ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉን አባቶቻችን። ንጉሡ ራሱ ሲያርስ ምን እንደሚባል ግን አልነገሩንም!

ሽማግሌው ፈገግ አለ። ከዚያ ዓይኑ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ከንፈሩ መቁጠር ጀመረ... ፈገግታው ጠፋ።

«ይቅርታ፣ ወረቀቴ አምስት ይላል» አለ፤ ሶስና እየተረጎመች። «እኔ የቆጠርኩት ሃያ ሦስት ነው። ያገኘንላችሁ ቤት ሦስት መኝታ ክፍል ነው ያለው።»

የዓመታት ጸሎቴን በገዛ እንግዶቼ ላጣው! ባለቤቴ ነገር ያበረደ መስሎት ወደ ኋላ ዞረና «እስቲ ጎንበስ በሉ!» አለ። አሥራ ስምንት ሰው ከሶፋ ጀርባ ጎንበስ። ይኼማ ባሰ! አሁን ደግሞ የተደበቁ ሰዎች ሆኑ። የፓስተራችን ቁመት ደግሞ በየትኛውም ሶፋ አይሸፈንም፤ ራሳቸው እንደ ጨረቃ ከኋላችን ወጥቶ ቀረ።

በዚህ መሀል እህት አልማዝ ብቅ አለች።

«ሶስና፣ ጠይቂልኝ። ቱቦው ተጠገነ ወይ?»

«አንቲ፣ ፕሊዝ! አሁን አይደለም!»

«ጠይቂ አልኩሽ! ሦስት ሳምንት የጾምኩት ለጌጥ ነው?»

ሶስና ጠየቀች። ሽማግሌው የትራክተሩን ሞተር አጠፋ።

«የቱ ቱቦ?»

«የሰሜኑ መንገድ። ቃለ ጉባኤ፣ ተራ ቁጥር አራት» አለች እህት አልማዝ፣ መዝገቧን ገልጣ።

«ቃለ ጉባኤያችንን... አነበባችሁት?»

«ጾምንበትም» አልኩ፣ ባለችኝ እንግሊዝኛ። «የምንመጣው አምስት ነን። እነዚህ ለእናንተ የሚጸልዩ ናቸው።»

ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ። «እዚህ አንድም ሰው አያነበውም» አለ። «የምትጽፈው ሚስቴ እንኳ መልሳ አታየውም!»

ከትራክተሩ ወርዶ ስልኩን አዞረልን። ቀጥ ያለ መንገድ፤ ከስሩ ሐሙስ ዕለት የተቀበረ አዲስ ቱቦ፤ በውስጡ የበረዶ ቅላጭ ውኃ ኩልል እያለ ይወርዳል። ከሶፋው ጀርባ እልልታው ቀለጠ! ቱቦ ከተፈለሰፈ ጀምሮ እንዲህ የተዘመረለት ቱቦ ያለ አይመስለኝም። በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነው፤ ባልዲውን ይዟል።

ሰኞ ተፈረመ። ተመስገን።

ባለፈው ሳምንት ሶስና አዲሱን ቃለ ጉባኤ አወጣችና ሳቋን እየታገለች አነበበችልን። «አንደኛ፣ ቱቦው ተጠግኗል፤ የናይሮቢ እህቶች ይመስገኑ። ሁለተኛ፣ ፍልፈሉ ስላልቀነሰ ጸሎቱ እንዲቀጥል። ሦስተኛ፣ አዲሱን ቤተሰብ በአዳራሹ እንድንቀበል ተወስኗል። የሚመጡት አምስት ናቸው። ወንበር ግን፣ ለማንኛውም፣ ሃያ ሦስት ይዘጋጅ።»