ዓሣ የሚቀልበው ዘንግ

በየከተማው ዕቃ የሚያከብድ አንድ ሰው አይጠፋም። የተሰበረ ወንበር ይዛችሁለት ብትሄዱ የማይሰበር ወንበር ይሰጣችኋል፤ ችግሩ ወንበሩ ከቦታው የማይነሣም መሆኑ ነው። የከሚሴው፣ ክቡር የብየዳው ሱልጣን፣ አብዱልጀባር ይባላል። ብረት ባነሣ ቁጥር «ሃ ጀባቱ!» ይላል፤ ይጠንክር ማለቱ ነው። ደንበኛው «ኧረ በአላህ ይበቃዋል» ቢለው እንደ ስድብ ይቆጥረውና ሁለት ፌሮ ይጨምርበታል።

ከፊት ለፊቱ ልብስ የሚሰፋው ጀሚል ይህን ሰው ለሃያ ዓመት ሲያሽሟጥጠው ኖሯል። ማሽሟጠጫ ቸግሮት አያውቅም። አንዴ የሙሽራ አልጋ ታዘዘ፤ አብዱልጀባር እዚያው ጓዳ ውስጥ ገጣጥሞ በየደው። ከሦስት ዓመት በኋላ ባልና ሚስቱ ሲለያዩ ሽማግሌዎች ከማንኪያ እስከ ፍየል አካፈሏቸው፤ አልጋው ግን በበር አልወጣ ብሎ ከነቤቱ ተሸጠ። የአህያ ጋሪ ሠራ፤ አህያዋ ባዶውን ስትጎትት የተጫነ መስሏት ሰንበቴ ገበያ ሳትደርስ መንገድ ላይ ተኛች። የአይጥ ወጥመድም ሠርቶ ነበር። ወጥመዱ በአይጥ ክብደት ንቅንቅ የሚል አልሆነም፤ አይጧ እላዩ ላይ ቁጭ ብላ እራቷን በልታ ሄደች። የገዛ ቤቱን የውጭ በር እንተወው። እንግዳ ሲያንኳኳ እሱ በትከሻው ገፍቶ እስኪከፍት ድረስ የመጣበትን ጉዳይ ከውጭ ጮሆ ጨርሶ ይሄዳል።

በ1999 መስከረም ላይ ነው ነገሩ የባሰበት። ሻይ ቤት ውስጥ በዲሽ አንድ ፈረንጅ አየ። ፈረንጁ ጀልባ ላይ፣ ወንበር ላይ በቀበቶ ታስሮ፣ ከጀልባው የሚረዝም የባሕር ዓሣ ጋር ይታገላል። አብዱልጀባር ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ቦርከና ወንዝ ውስጥ፣ ከድልድዩ በታች ካለው ጥልቅ ውሃ፣ አንድ ትልቅ የአምባዛ ዓሣ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ጀሚል ራሱ በሸምበቆው ሁለት ጊዜ ይዞት ሁለት ጊዜ አምልጦታል። ታዲያ የብየዳው ሱልጣን ለዚህ አምባዛ የሚሆን ዘንግ መሥራት ጀመረ። ዘንጉ ውስጡ ፌሮ የተወተፈበት የውሃ ቧንቧ ነው። የክሩ መጠቅለያ የብስክሌት ቸርኬ ነው፤ ክሩ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተተርትሮ በሦስት የተገመደ፣ መንጠቆውም የልኳንዳ ሜንጦ። እንደ ፈረንጁ መቀመጫ ያስፈልጋል ብሎ ከወንዙ ዳር የብረት ወንበር በሲሚንቶ ተከለ፣ የጭነት መኪና ቀበቶም ገጠመለት።

«ቦርከና ዓሣ ነባሪ ገባበት እንዴ?» አለው ጀሚል።

«ሳቅ! ያንተ ጭራሮ ሁለቴ ለቆታል። የኔ አይለቅም።»

ዘንጉን አራት ጎረምሶች ተሸክመው ሲወጡ ዱአ ተደረገ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ሙሐመድዘይን ዘንጉን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ያ ጀመዓ፣ ለዚህስ ዱአ አያስፈልገውም» አሉ፣ «ለልጆቹ ወገብ ነው ዱአ የምናደርገው።» ሁሉም አሚን አለ፤ ከሁሉ ጮክ ያለው ራሱ አብዱልጀባር ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የአይጧን ነገር የሚያስታውስ ሰው ይገምተዋል። አብዱልጀባር በየቀኑ ግማሽ ኪሎ ጉበት ሜንጦው ላይ ሰክቶ፣ ታጥቆ፣ ወንበሩ ላይ ይሰየማል። አምባዛው መጥቶ ጉበቱን ከሜንጦው ዙሪያ እየለቀመ ይበላል። ዘንጉ ዝሆን ቢጎትተው የሚነቃነቅ ስላልሆነ ባለቤቱ ምንም አያውቅም። ማታ ሜንጦውን ባዶውን ያወጣና «ፈርቶ ነው» ይላል። ስድስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ጀሚል ከደንበኞቹ ጋር እየሳቀ መርፌ ጣቱን ወጋው። «ከሚሴ ውስጥ በየቀኑ ጉበት የሚበላ አንድ እሱ ነው» ይል ነበር፣ አምባዛውን።

ሳቁ ከሱቁ ወጥቶ ጨፋ ሮቢት ገበያ ደረሰ። መዝጊያ የሚያሠራ ሁሉ «እባክህ፣ ዓሣ እንዳትቀልብበት» ማለት ጀመረ። በመጨረሻ አብዱልጀባር በሰው ፊት ማለ። «እስከ አረፋ ዋዜማ ካልያዘ ወላሂ ዘንጉን ቆርጬ የመስኮት ፍርግርግ አደርገዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ሰው ባለኝ ልክ እንጂ ከራሴ አንዲት ፌሮ አልጨምርም።»

ጀሚል ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ደስታው ግን አራት ቀን አልቆየም። ዋዜማው ሲቀርብ አንዲት ሴት መጥታ ለዶሮ ቤት የምትሆን በር አዘዘች። «ቀጭን ይሁንልኝ፣ ቀለል ያለ» አለችው። ጀሚል መቀሱን አስቀምጦ ጆሮውን አቆመ። የብየዳው ሱልጣን አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ።

እሺ! በሃያ ዓመት አንድም ቀን ከዚያ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ጀሚል ሆዱ ባባ። ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ቀጭን በር የሚሠራ፣ እሺ የሚል፣ እንደማንኛውም በያጅ የሆነ ሰው ታየውና ከተማዋ ባዶ ሆነችበት። ቀሪ ዕድሜውን በማን ሊስቅ ነው?

የአረፋ ዋዜማ ሱብሂ ሰግዶ፣ ሸምበቆውን ይዞ በቀጥታ ወደ ጥልቁ ውሃ ወረደ። አምባዛው በስድስት ሳምንት ጉበት እንደ ድልብ በሬ ሰብቷል፤ መሸሽም ሰንፏል። ትንሿን መንጠቆ ዋጠ። ሸምበቆው እንደ ወንፊት ክብ ጎበጠ። ጀሚል ሲሄድ እየለቀቀለት፣ ሲደክመው እየሳበው፣ ፀሐይ ሳይወጣ ዳር አደረሰው። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ዓሣ ጉልበቱ ላይ ተኝቷል። ትንሽ አየው። ከዚያ የራሱን ክር በጥርሱ በጠሰና፣ አብዱልጀባር ለመጨረሻው ሌሊት ውሃ ውስጥ ያሳደረውን የልኳንዳ ሜንጦ ስቦ በዓሣው መንጋጋ አሳልፎ መልሶ ውሃ ውስጥ ለቀቀው። ጣቶቹ ደሙ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል አብዱልጀባር ከሚስቱ ከሰዒዳና ከግማሹ ሰፈር ጋር መጣ። መጋዙን ይዟል። ለመጨረሻ ጊዜ ቸርኬውን ቢያዞረው ከበደው። ዘንጉ አልጎበጠም፣ አልተንቀጠቀጠም፤ አምባዛው ከጉድጓድ እንደሚወጣ ባልዲ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሰፈሩ «አላሁ አክበር!» ብሎ ጮኸ።

«አላልኳችሁም?» አለ አብዱልጀባር ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «ሃ ጀባቱ! አንተ ጀሚል፣ እያየህ ነው? አሁንስ ያቺን ጭራሮ ትጥላታለህ?»

«እጥላታለሁ» አለ ጀሚል፣ ጣቶቹን ጋቢው ውስጥ ደብቆ።

ከሰዓት በኋላ ሰዒዳ ሱቁ ድረስ መጣች። ዓሣውን ስታጥብ ከጉሮሮው ያገኘቻትን ትንሽ መንጠቆ፣ ከነተበጠሰ ክሯ፣ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይቺ ያንተ ናት፣ ወንድሜ።»

«ያውቅ ይሆን?»

«እሱ? ዛሬ ለዶሮ ቤቱ በር አራት ፌሮ ጨምሯል፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ፣ ፈገግ ብላ ሄደች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለጀሚል መልካም ነበር። አብዱልጀባር ግን ወዳጅ ነው። በሳምንቱ ወንዝ ዳር የተረሳችውን ሸምበቆ ይዞ መጣ። ከሥር እስከ ጫፍ በፌሮ ለብጦ፣ በየስንዝሩ በይዶ፣ ጫፏ ላይ ሜንጦ ገጥሞላታል። «አዘንኩልህ» አለው። «እኔ እያለሁ ጎረቤቴ በጭራሮ ማጥመድ የለበትም።»

እነሆ ጀሚል በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ያንን ብረት ተሸክሞ ቦርከና ይወርዳል። ሌላ ሸምበቆ እንዳይቆርጥ አብዱልጀባር ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ያየዋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓሣ አልያዘም። ለምን እንደማይተወው ሲጠይቁት ትከሻውን ያሻሻል።

«ምናባቱ፣ ዓሣው ይቅር» ይላል። «ዕቃው ግን ጠንካራ ነው።»