ሴንካ ውሉ ሳያልቅ ስትወጣ

በየከተማው ምንም ነገር እስኪያልቅ የማይቆዩ ሰዎች አሉ። ሲኒማው ሳያልቅ ይወጣሉ፤ ሰርጉ ሳይሞቅ ይጠፋሉ፤ ሥራውን ሳይለምዱት ይለቃሉ። የሚገርመው መሄዳቸው አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚናፍቀው እነሱን መሆኑ ነው። እስከ መጨረሻ ቆይተን ወንበር የምንሰበስበውን ማንም ናፍቆን አያውቅም።

ክብርት ሴንካ የነዚህ ሰዎች አለቃ ነበረች። ቤልግሬድ ውስጥ አንድ ቤት በጋራ ተከራይተን እንኖር ነበር። ውሉ የአንድ ዓመት ነው፤ ሁለታችንም ፈርመናል። በጥር፣ ባቄላ ሳበስል፣ ካፖርቷን ለብሳ ኩሽናው በር ላይ ቆመች።

«ድራጊንያ፣ ኮቶር ልሄድ ነው።»

«ለስንት ቀን?»

«ለመኖር። እዚያ ባሕሩ ዳር ጀልባ የሚጠግን ሰው አለ ብዬሽ አልነበር?»

«ውሉስ?»

«እሱማ መላ አለው።»

ቧንቧ ሲፈነዳም፣ ከሥራ ስትባረርም የምትለው ይህንኑ ነበር። መላውን የምፈልገው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ባቄላዬን በጭልፋ ቀመሰች፣ «ጨው አንሶታል» አለች፣ ሄደች።

ጠበቃው የአጎቴ ልጅ ሞምቺሎ ዘንድ ሄድኩ። ውሉን አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

«እህት ዓለም፣ በአንድ ላይ ነው የፈረማችሁት። አከራይዋ ሙሉውን ኪራይ ካንቺ መጠየቅ ትችላለች። ከፍለሽ የሴንካን ድርሻ ሴንካን ትጠይቂያለሽ። እምቢ ካለች ፍርድ ቤት አለ።»

«ሌላስ?»

«ወይ ሦስታችሁም ተስማምታችሁ ውሉን ታፈርሱታላችሁ። ወይ ሴንካ በቦታዋ ሰው ትተካና አከራይዋ ከተቀበለች እንደገና ትፈራረማላችሁ።»

«ዕቃዋን መንገድ ላይ ብጥለውስ?»

«ያኔ የምትከሰሺው አንቺ ነሽ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ እሷ ደህና ናት?» አለኝ።

ጠበቃው የኔ፣ የምከፍለውም እኔ፤ ጭንቀቱ ግን ለሷ ነበር።

አከራያችን ወይዘሮ ራዶይካ ደግሞ ባሱ። ስነግራቸው እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። «ውይ ልጄን፣ ኮቶር በክረምት እርጥበቱ አይቻልም እኮ። ወፍራም ካልሲ ይዛለች?» ክረምቱን ሙሉ ደረጃቸው ላይ በረዶ ስጠርግ ስለ ካልሲዬ የጠየቀኝ የለም። ጎረቤቱም ባገኘኝ ቁጥር «ሴንካስ?» ይለኛል። በባሕሩ ቀናሁ፤ በጀልባ ጠጋኙ፣ መልኩን እንኳ በማላውቀው ሰውዬ፣ ቀናሁ። ከሁሉ በላይ ግን በሴንካ፣ ኮፍያውን አንስቶ እንደሚወጣ ሰው ከኑሮ ብድግ ብላ መሄድ በመቻሏ፣ ቀናሁ።

በመጋቢት መጣች። በቦታዋ የምትገባ ልዩቢንካ የምትባል ፋርማሲስት አግኝታለች። ሁላችንም ሞምቺሎ ቢሮ ተሰበሰብን። ሴንካ ፊቷ በባሕር ንፋስ ጠቁሯል፤ ቀለም ቀለም ትሸታለች። ወይዘሮ ራዶይካ አቅፈው አልለቅ አሏት። ሴንካ ሳታነብ ፈረመች። ብዕሩ እኔ ጋ ደረሰና ቆመ።

«ምነው?» አለ ሞምቺሎ።

«እያነበብኩ ነው» አልኩ። አላነበብኩም። ከስሜ በላይ የሌላ ሰው ስም ተጽፎ እያየሁ ነበር።

«ተቀይመሽኛል» አለች ሴንካ።

«ጥለሽኝ ሄድሽ።»

«ሦስቴ አብረን እንሂድ አልኩሽ። ሦስቴም ‹ውሉ ይለቅና› አልሽኝ።»

እውነቷን ነው። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሞምቺሎ መስኮቱን ማየት ጀመረ። ፈረምኩ።

ልዩቢንካ እንከን የላትም። ኪራይ ሳይጠየቅ ትከፍላለች፤ ኩባያዋን ጠጥታ ሳትጨርስ ታጥባለች። በር የሚያላትም፣ ባቄላዬን የሚተች የለም። ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ ፍሪጁ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሰው በዚህ ይማረራል? እኔ ተማረርኩ።

በግንቦት ሞምቺሎ ዘንድ ተመለስኩ።

«ደግሞ ምን ሆንሽ? ልጅቷ አትከፍልም?»

«ትከፍላለች። እኔም ሰው ብተካ መውጣት እችላለሁ?»

መነጽሩን አወለቀ። «ራዶይካ ከተስማሙ ምን ችግር አለ። ሴንካ ጋ ልትሄጂ ነው?»

«አዎ።»

«ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም» አልኩት። «አንተ ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ፤ ከኮቶርም ተነስታ ሳትሄድ ልድረስባት።»