የሚስተር ኤሪክ ኩባያ

ሰው የራሱን ኩባያ ይዞ ቢዞር ምን ክፋት አለው? ምንም የለውም ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው፣ ጨንቻ ላይ ጉድ እስክሆን ድረስ።

ጊዜው የደርግ ነው። የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ሥራ አርባ ምንጭ ጣለኝና፣ ምንጭ እያጎለበተ ውሃ ለሚያወጣ አንድ ፈረንጅ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሚስተር ኤሪክ ይባላል። ደግ ሰው ነው፣ ልዋሽ አልችልም። አንድ አመል ብቻ አለው። ስሙን በቀለም የጻፈባት ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ አለችው፤ ከሷ ሌላ በምንም አይጠጣም። ከኛ ሰሃንም አይቀምስም። ለጤናዬ ነው ይላል።

አምኜው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ሌላ ፈረንጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ጉንፋን ይዞታል፣ ያስነጥሳል። ከዚያችው ኩባያ ጠጣና ለኤሪክ ሰጠው። ኤሪክም የቀረውን ጭልጥ አደረገ። የጤናው ነገር ያን ዕለት ገባኝ። ግን ማን ይናገራል? እንጀራዬ ነው።

የቆፋሪዎቻችን አለቃ አቶ ዋዳ የጨንቻ ሰው ናቸው። ለመስቀል ቤታቸው ጠሩን። ኤሪክ ደስታው ልክ አጣ። ዓመት ሙሉ አብሯቸው ሲሠራ ቤቴ ግባ ያለው ሰው አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ያንገበግበው ነበር። ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ መጣ። ኩባያዋንም ቦርሳው ውስጥ ከቷታል።

ደረስን። እኔ ይግቡ ተባልኩና ገባሁ። እሱን ግን አቶ ዋዳ ክንዱን በአክብሮት ይዘው ደጃፉ ላይ፣ ሰሌን ላይ አስቀመጡት። ምግቡም በኮባ ቅጠል ቀረበለት። ውስጥ ለኛ ቦርዴ፣ የአገሩ የእህል መጠጥ፣ በትልቅ ማሰሮ ተቀምጧል። ከአጠገቡ ሸክላ ሠሪዋ እማማ ባሎቴ ተቀምጠዋል። በአገሩ ልማድ ሸክላ ሠሪ ከሌላው ሰው ቤት አይገባም፣ በሌላው ሰው ዕቃ አይበላም። በኮባ በልቶ ኮባው ይጣላል።

ኤሪክ ምን አጠፋሁ በሚል ዓይን አየኝ። አቶ ዋዳን ጠየቅኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱኝ። ሚስተር ኤሪክ የራሳቸውን ዕቃ ይዘው ይዞራሉ፣ ከሰው ጋር አይቀምሱም፤ በአገራቸው ሸክላ ሠሪ መሆናቸው ገብቶናል፣ ነገሩ እንዳያሳፍራቸው ብለን ነው እንጂ እኛስ እንወዳቸዋለን አሉኝ።

እንግዲህ ይህን እንዴት ብዬ ላስተርጉም? ነፋሻ ቦታ መርጠውልህ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን ሳየው አልቻልኩም፣ ነገርኩት።

እንደ በርበሬ ቀላ። ከዚያ ጮክ ብለህ ተርጉምልኝ አለኝ። ለጤናዬ ያልኩት ውሸት ነበር፤ ጥቁር ሰው በጠጣበት መጠጣት ስለሚቀፈኝ ነው፤ አፍሬያለሁ፣ ይቅር በሉኝ አለ። እኔ እያስተረጎምኩ ላብ አጠመቀኝ። አቶ ዋዳ ግን ፊታቸው ፈካ። እንግዲያማ ሸክላ ሠሪ አይደሉም፣ ይግቡ ይግቡ አሉ።

ኤሪክ ብድግ አለ። ዓመት ሙሉ የተመኘው በር ተከፈተለት። እግሩ መድረኩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና፣ ወደ እማማ ባሎቴ እያመለከተ፣ እሳቸውስ አለኝ።

"የሳቸው ሌላ ነው" አልኩት። "ባህል ነው።"

"የኔም ጤና ነበር" አለኝና ተመልሶ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ።

አቶ ዋዳ ተጨነቁ። በመስቀል የክብር እንግዳ ደጅ ሲበላ ጎረቤት ምን ይላል? ይህን ጊዜ እማማ ባሎቴ በቀስታ ተናገሩ።

"ቦርዴው ያለበትን ማሰሮ የሠራሁት እኔ ነኝ። ማሰሮው እቤት ገብቷል፤ እኔ ነኝ ደጅ ያለሁት።"

አቶ ዋዳ ራሳቸውን አከኩ። ሚስታቸውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። በመጨረሻ ሁለታችሁም ግቡ አሉ።

ገቡ። ቦርዴው በቅል መዞር ጀመረ። እማማ ባሎቴ ጠጡ፣ ለኤሪክ ሰጡት። ቅሉን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ። ከዚያ ለኔ አቀበለኝ።

ለኔ? በየስብሰባው እኩልነት እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ የምጮኸው ሰውዬ፣ እጄ አልዘረጋ አለኝ።

"ሆዴን ያመኛል" አልኩ። "ለጤናዬ..."

ኤሪክ ቦርሳውን ከፍቶ ሰማያዊዋን ኩባያ አወጣና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ የሳቁት እማማ ባሎቴ ናቸው፤ እንባቸው እስኪወርድ። እኔም አፈርኩ፣ ከዚያ ሳቁ ያዘኝ። ኩባያዋን መሬት አስቀምጬ ቅሉን እስከ አተላው ጨለጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ሆዴን አሞኝ አያውቅም።