አባ መብረቅና ጎረቤቶቹ

በቀጨማ ሚካኤል ቅጥር ግቢ፣ ከቤተልሔሙ ጀርባ፣ አንድ ትልቅ የመቃብር ድንጋይ ቆሟል። ትልቅ ስንል እንዲያው ትልቅ አይደለም። ከወንዝ ሲጎተት የመጣበት መንገድ ዛሬም ድረስ ገደል ነው፤ የጎተቱት በሬዎችም ከዚያ ወዲህ እርሻ በቃን ብለው ጡረታ ወጥተዋል። በላዩ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «እዚህ ያረፈው አገር ያቀናው ደጃዝማች አምባዬ፣ አባ መብረቅ ነው። ልጆቹ አቆሙለት።»

ልጆቹ ይላል እንጂ እነማን እንደሆኑ አይናገርም። የማንያዘዋል ቤተሰብ ወደ ታሪክ የገባው በዚህች ገርበብ ባለች በር ነው።

ማንያዘዋል የአንዲት ወፍጮ ባለቤት ነው፤ እሱ ሲያወራ ግን ፋብሪካ ትሆናለች። አባቱና አያቱ የተቀበሩት ከታች፣ ሳማ በሚበቅልበት አጥር ሥር ነበር። ተዝካር በወጣ፣ ግቢው በተጠረገ ቁጥር ግን ድንጋዮቻቸው ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ፈቀቅ ይላሉ። ለምን ሲባል፣ «ጎርፍ እየገፋቸው ነው» ይላል። በዓለም ላይ ሽቅብ የሚፈስ ጎርፍ ያለው ቀጨማ ሚካኤል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አጥንቱ እዚያው ሳማው ሥር ተኝቶ፣ ስሙ ብቻውን ዳገት ወጣ። በመጨረሻም ሁለቱ ድንጋዮች አባ መብረቅን ተደግፈው ቆሙ፤ በአያቱ ድንጋይ ላይም «የአባ መብረቅ የልጅ ልጅ» የሚል አዲስ መስመር ተቀረጸ።

ከዚያ ወዲህ ሰንበቴ ላይ እንጀራው ሳይቆረስ አባ መብረቅ ይነሳሉ። «ድንጋዩን እዩት» ይላል ማንያዘዋል፤ «ስንት ክረምት ሲያልፍ ንቅንቅ ብሏል? ደማችን እንዲህ ነው።» በትልቁ ድንጋይ በወዲያኛው ጎን የወንዝ ማዶው የአቶ ቢተው ሁለት ሙታን በዚያው ዓይነት ተደግፈው ቆመዋል። ማንያዘዋል ግን ወደ ላይ ማየት ስለሚያበዛ ወደ ጎን አይቶ አያውቅም።

የቢተው ልጅ ዳኘው የማንያዘዋልን ልጅ ምንታምርን የወደደው በዚህ መሀል ነው። ሽማግሌ መጣ፣ እሺ ተባለ፣ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። የቀረው ሰባት ቤት ቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩን ማረጋገጥ ነበር። የሁለቱም ሙታን ያሉት አንድ ደብር ስለሆነ የደብሩ ቄስ መምሬ አደላ ቆጠራው መቃብሩ ላይ ይሁን አሉ።

ማንያዘዋል ደረቱን ነፍቶ ጀመረ። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ቅድመ አያቱን ጠራ፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አባ መብረቅ» አለ። ቢተውም ከወዲያኛው ጎን ቆጥሮ ቆጥሮ፣ ከሱ በላቀ ድምፅ፣ «አባ መብረቅ» አለ።

መምሬ አደላ ሁለቱን ቤተሰቦች በየተራ አዩ።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አሉ፤ «ዘመዳሞች ናችሁ። ጋብቻው ቀርቷል።»

«ቢተው» አለ ማንያዘዋል ዝግ ብሎ፣ «ምናልባት ተሳስተህ ቆጥረህ ይሆን?»

«እኔ? አንተ ተሳስተህ እንዳይሆን። የኔ በድንጋይ ተጽፏል።»

«የኔስ በምን የተጻፈ መሰለህ?»

ምንታምር አባቷን ተከትላ ቤት ገባች። የተናገረችውም ጥቂት ነው።

«አባዬ፣ የምትድረው እኔን ነው ወይስ የሞተ ሰው?»

«አባ መብረቅን መካድ እንዲህ ቀላል መሰለሽ?»

«እሳቸውስ አንተን ያውቁሃል?»

ማንያዘዋል ወፍጮዬን ልይ ብሎ ወጣ። ወፍጮዋም ያን ቀን ዝም አለች ይባላል፤ መብራት ጠፍቶ ነው የሚሉም አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ዲጅኖና የእጅ ጋሪ ይዞ ወደ ሚካኤል ሄደ። ትልቁ ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ ቢተው የአባቱን ድንጋይ በገመድ ጠፍሮ ቁልቁል ሲጎትት አገኘው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ቢተው።»

«ጤና ይስጥልኝ።»

«ወዴት ነው?»

«አባቴ እዚህ ነፋስ በዛበት። አንተስ?»

«የኔንም ፀሐዩ አልተስማማውም።»

ከዚያ በኋላ አልተጠያየቁም። አንዱ ሲገፋ ሌላው እየያዘ፣ አራቱንም ድንጋዮች አወረዱ። ስንት ዓመት የፈጀው ሽቅብ ጉዞ ቁልቁል ሲሆን ከቁርስ እስከ ምሳ አለቀ። አጥሩ ሥር ሲደርሱ የሁለቱም ሙታን እውነተኛ ማረፊያ በአንድ ሳማ ሥር፣ ጎን ለጎን ሆኖ ተገኘ።

«ለካ ጎረቤት ነበርን» አለ ቢተው፣ በሳማ የተለበለበ እጁን እያሸ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆጠራው አጥሩ ሥር እንደገና ተጀመረ። ማንያዘዋል ሰባት ስም ጠራ። አንዱ ሸማኔ፣ አንዱ ገበሬ፣ አንዷ እንኳ ሰው በቅጽል ስሟ ብቻ የሚያውቃት ነበረች። ስሞቹን እናቱ በልጅነቱ አስጠንታዋለች፤ ጮክ ብሎ ሲጠራቸው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ሰለል አለ፣ አምስተኛው ላይ ተመለሰለት፣ ሰባተኛው ላይ «እሱ ሸማኔ የሠራው ጋቢ በረዶ አያስገባም ነበር» ብሎ መፎከር ጀመረ። ቢተውም የራሱን ሰባት ጠራ። አንዱም ከአንዱ አልገጠመም።

«ባዕዳን ናችሁ» አሉ መምሬ አደላ፤ «ተጋቡ።»

በሰርጉ ዋዜማ ዝናብ ጣለ። ዝናብ ሲባል ግን የሚያዝያ ካፊያ ነው፣ ዶሮን እንኳ ከመንገዷ አልመለሰም። በማግስቱ ሙሽሮቹ ከቅዳሴ ወጥተው፣ እልልታው ቀልጦ፣ ሰዉ በቤተልሔሙ ጀርባ ሲዞር መምሬ አደላ ቀጥ አሉ።

አባ መብረቅ ዘመዋል። ስንት ክረምት ንቅንቅ ያላለው ድንጋይ፣ እንደሰከረ ሰው፣ ወደ አንድ ጎን አጋድሏል።

«ምን ነካው?» አለ ቢተው።

«እርጅና ነዋ» አሉ መምሬ፣ ሳቃቸውን ሸማቸው ውስጥ እየደበቁ።

ማንያዘዋል ከትልቁ ድንጋይ እግር በዚህ በኩል የራሱ ድንጋዮች የተነቀሉበትን ጉድጓድ አየ፤ በዚያ በኩል የቢተውን አየ። ሁለቱም ውሃ አቁረዋል።

«ትንሽ ድንጋይ ሸጎጥ እናድርግበት ይሆን?» አለ።

«ከነካነው እኮ ዘመድ ናችሁ ሊሉን ነው» አለ ቢተው።

ምንታምር ከፊት ሆና ዘወር ብላ አባቷን ጠበቀችው። ማንያዘዋል ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ልጁ ተራመደ፤ የቢተውን ክንድ እንደያዘ፣ በጆሮው፣ እንዲህ አለው፦

«ይገርማል፣ አማቼ። ይህን ሁሉ ዘመን እኛ የተደገፍነው መስሎን።»